የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ጥናት የሚበላሸው የት ነው?

በኮሌጅ የስፖርትና የአካል ብቃት ትምህርት ክፍል የምርምር ቀን ሲደርስ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ፖስተሮች ርዕሳቸው ከሞላ ጎደል ይመሳሰላል። የስድስት ሳምንት ፕላዮሜትሪክ (ፈጣን የዝላይ) ልምምድ በዝላይ ላይ ያመጣው ለውጥ፣ የስምንት ሳምንት ሩጫ በልብና በሳንባ ብርታት ላይ ያመጣው ለውጥ፣ ወዘተ። ርዕሱ ነውር የለበትም። ጣጣው የሚመጣው አንድ ጠያቂ ጠጋ ብሎ «ዝላዩን ማን ለካው? በምን? ያው ሰው ልምምድ ሳይሠራ ከሦስት ቀን በኋላ ቢለካ ስንት ይመጣል?» ሲል ነው። አብዛኛው አቅራቢ እዚህ ላይ ዝም ይላል። የፖስተሩ ማማር፣ የስታቲስቲክሱ ርቀት፣ የንግግሩ ቅልጥፍና ይህን ክፍተት አይሞላውም፤ ክፍተቱ የተፈጠረው ከወራት በፊት ሜዳው ላይ ነውና።

ስለዚህ ልምምድ ከማስጀመር በፊት አንድ ሥራ አለ፤ ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ማወቅ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከ15 እስከ 20 ሰው ያዙ። ሁሉንም በሁለት የተለያዩ ቀናት ለኩ፤ በመካከሉ ቢያንስ 48 ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት ይሁን። ሰዓቱ፣ ሜዳው፣ ጫማው፣ ማሟሟቂያው፣ ለኪው አይቀየር። ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለተኛው ቀን ውጤት የመጀመሪያውን ቀንሱ። የእነዚህን ልዩነቶች መደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዴቪየሽን፣ ቁጥሮቹ ከአማካያቸው የሚራራቁበት መጠን) አስሉና በ1.41፣ ማለትም በ2 ዳግም ዘር፣ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የመለኪያችሁ የተለመደ ስሕተት ይባላል።

ለምሳሌ ያህል የዝላይ ልዩነቶች መደበኛ ልይይት 2.8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የተለመደው ስሕተት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሰው «በርግጥ ተለውጧል» ለማለት የሚያስፈልገው ልዩነት 1.96 ሲባዛ በ1.41 ሲባዛ በ2፣ ማለትም ወደ 5.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ 3 ሴንቲ ሜትር የጨመረውን ልጅ ስሙን ጠርቶ «ይህ ተጫዋች ተሻሽሏል» ማለት አይቻልም። የቡድን አማካይ ግን ሌላ ነገር ነው። በ16 ሰው ላይ የአማካዩ ልዩነት ስሕተት 2.8 ሲካፈል ለ4፣ ማለትም 0.7 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ለቡድኑ 3 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ ብዙ ነገር ይናገራል። ብዙ ፖስተሮች እነዚህን ሁለት አባባሎች ያደባልቃሉ።

በዚያው መረጃ ላይ የልዩነቶቹን አማካይም እዩ። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ጎልቶ ከበለጠ ሰዎቹ ፈተናውን እየተማሩት ነው ማለት ነው። ዝላይ፣ የአቅጣጫ ለውጥ ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ የመሳሰሉት በዚህ የታወቁ ናቸው። መድኃኒቱ አንድ ወይም ሁለት የማለማመጃ ዙር አድርጎ ውጤታቸውን መጣል ነው። ይህ ካልተደረገ የፈተናው ልምድ የልምምዱ ፍሬ መስሎ ይጻፋል።

በኔ ግምት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከእነዚያ ሁሉ የስድስት ሳምንት ጥናቶች ይልቅ ይህ የአስተማማኝነት ጥናት ብቻውን የተሻለ ሥራ ነው። በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ሰው አያቋርጥም፤ ውጤቱም ክፍሉን በሙሉ ይጠቅማል።

መሣሪያው የሚዋሽበት ቦታ

ዛሬ ዝላይ በስልክ ካሜራ መለካት ተለምዷል። ስሌቱ ሰውየው አየር ላይ ከቆየበት ጊዜ ይነሣል፤ የመሬት ስበት 9.81 ሲባዛ በጊዜው ካሬ፣ ሲካፈል ለ8። ግማሽ ሰከንድ አየር ላይ የቆየ ሰው ወደ 30.7 ሴንቲ ሜትር ዘልሏል ማለት ነው። አሁን ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ከሆነ አንዱ ምስል ከሌላው 33 ሚሊ ሰከንድ ይርቃል፤ በአንድ ምስል መሳሳት ብቻ የ4 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ያመጣል። በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሣ ካሜራ ግን ያው ስሕተት ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ «በስልክ ለካን» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በሰከንድ ስንት ምስል እንደተነሣ ይጻፍ። ሌላው ማጭበርበሪያ ጉልበት ነው። ዘላዩ ሲያርፍ ጉልበቱን ካጠፈ እግሩ መሬት የሚነካው ዘግይቶ ስለሆነ ሳይዘል ዘለለ ይባላል። ሲነሣም ሲያርፍም ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ አጥፎ ያረፈበት ዝላይ ይሰረዝና ይደገም። እጅ ወገብ ላይ ይሁን ወይስ ይወዛወዝ የሚለውም ቀድሞ ይወሰን፤ ክንድ ማወዛወዝ ብቻውን ቁጥሩን በብዙ ሴንቲ ሜትር ይቀይረዋል።

የ20 ሜትር ፍጥነት ሩጫ በእጅ ሰዓት ሲለካ ነገሩ ይብሳል። ለኪው ሲነሣ የሯጩን እንቅስቃሴ አይቶ ስለሚጫን ይዘገያል፤ ሲጨርስ ግን መስመሩን ቀድሞ ስለሚገምት አይዘገይም። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ሯጩን ከእውነቱ ያፈጥነዋል። በአትሌቲክስ የ100 ሜትር የእጅ ሰዓት ውጤት ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። ከጥቂት ሳምንት ልምምድ የሚጠበቀው ለውጥ በ20 ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.1 ሰከንድ የማይበልጥ ከሆነ፣ በእጅ ሰዓት እሱን መፈለግ መርፌን በጭድ ክምር ውስጥ በጨለማ እንደመፈለግ ነው። የመብራት መቆጣጠሪያ በር (ሯጩ ጨረሩን ሲቆርጥ ሰዓቱን የሚመዘግብ) ካለ ሯጩ ከመጀመሪያው በር ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቆሞ ይነሣ፤ ያለበለዚያ ጎንበስ ሲል ክንዱ ወይም ራሱ ጨረሩን ቀድሞ ይቆርጠዋል። በሮቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ፣ በዳሌ ልክ ይቁሙ። ርቀቱም በጥናቱ ውስጥ ከዙር ዙር አይለዋወጥ።

እየፈጠነ በሚሄድ የተቀዳ ድምፅ እየተመሩ በሁለት መስመር መካከል የሚሮጡት የ20 ሜትር የመመላለስ ሩጫ ርካሽ ነው፤ በአንዴም ብዙ ሰው ይፈትናል። በስፋት በሚሠራበት ዓይነት ፍጥነቱ ከ8.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጀምርና በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል። በመጀመሪያው ደረጃ 20 ሜትሩ በ8.47 ሰከንድ፣ በሁለተኛው በ8 ሰከንድ ይሸፈናል። ሆኖም ከ8 የሚጀምር ሌላ ዓይነትም ስላለ «ደረጃ 7 ደረሰ» የሚል ውጤት የትኛው ድምፅ እንደተከፈተ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም። የመጨረሻውን ፍጥነት ወይም የምልልሱን ብዛት መጻፍ ይሻላል። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የድምፁን የአንድ ደቂቃ ማመሳከሪያ በሰዓት ፈትሹ፤ ከድምፅ ማጫወቻ ወደ ማጫወቻ የተገለበጠ ፋይል አንዳንዴ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ሜዳውን በእርምጃ አትለኩ። 19.5 ሜትር የሆነ መስመር እያንዳንዱን ምልልስ በ2.5 በመቶ ያቀልለዋል። ማን መቼ ወጣ የሚለውንም ቀድማችሁ ወስኑ፤ የተለመደው ሕግ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት መስመሩ ላይ ያልደረሰ ይወጣል የሚል ነው። በየመስመሩ ጫፍ አንድ ተቆጣጣሪ ከአራትና ከአምስት ሯጭ በላይ በትክክል አያይም።

የ12 ደቂቃው የኩፐር ሩጫ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር ሰውነት በአቅሙ ጥግ የሚጠቀመውን ኦክስጅን ለመገመት በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ከተሮጠው ሜትር 504.9 ይቀነስና ለ44.73 ይካፈላል ይላል፤ 2,400 ሜትር የሮጠ ሰው ወደ 42.4 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን በኪሎ ግራም በደቂቃ ይደርሰዋል። ቀመሩ የወጣው ከ115 የአሜሪካ አየር ኃይል ወንዶች ነው። በ14 ዓመት ልጃገረዶች ላይ ተጠቅሞ ሁለት የነጥብ ቤት ያለው የኦክስጅን ፍጆታ መጻፍ ቁጥሩን ያስጌጠዋል እንጂ እውነት አያደርገውም። ለምን ሜትሩን ራሱን አትጽፉም? የለካችሁት እሱን ነው። በዚያ ላይ ሩጫውን የማያውቅ ሰው ሲጀምር ይፈጥንና መሃል ላይ ይዝላል፤ በሁለተኛው ፈተና ዝም ብሎ አረማመዱን ስላስተካከለ ብቻ 100 ሜትር ይጨምራል። ያ 100 ሜትር በቀመሩ ሲገባ 2.2 ሚሊ ሊትር «የብቃት ዕድገት» ይሆናል።

የልብ ምትን በጣት መቁጠር የግድ ከሆነ ሒሳቡን እወቁት። በ10 ሰከንድ ተቆጥሮ በ6 ሲባዛ አንድ ምት መሳሳት 6 ምት በደቂቃ ይሆናል። ሰውየው ከቆመ በኋላ ምቱ ቶሎ ስለሚወርድ አሥር ሰከንድ ዘግይቶ መጀመር ብቻውን ውጤቱን ያዛባዋል። የእጅ አንጓ ሰዓት ክንድ በኃይል በሚወዛወዝበት ልምምድ ይሳሳታል፤ የደረት ቀበቶ ይሻላል። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስም ለ20 ዓመት ሰው 200 ይሰጣል፤ 208 ሲቀነስ ዕድሜ በ0.7 ተባዝቶ የሚለው የ2001 እ.ኤ.አ. ቀመር ግን 194 ይላል። ሁለቱም ለብዙ ሰው አማካይ እንጂ ለአንድ ሰው የተሰፉ አይደሉም፤ ከግለሰቡ እውነተኛ ጣሪያ 10 ምትና ከዚያ በላይ መራቃቸው ብርቅ አይደለም። «በ70 በመቶ ሠራን» የሚል ጥናት ጣሪያውን ከየት እንዳመጣው ይናገር።

የቆዳ ስር ስብ የሚለካው በቀኝ ጎን ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተቆንጥጦ መቆንጠጫው ከጣቶቹ 1 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይያዝ፤ የመቆንጠጫው መያዣ ከተለቀቀ ከ2 ሰከንድ በኋላ ይነበብ፤ ቆንጣጩ ጣት እስኪነበብ አይለቅቅ። ቦታዎቹን ሁሉ አንድ ዙር ጨርሳችሁ ሁለተኛውን ዙር ጀምሩ እንጂ አንዱን ቦታ ደጋግማችሁ አትቆንጥጡ፤ ስቡ ይታመቅና ቁጥሩ ይወርዳል። ሁለቱ ንባቦች ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ጨምሩና መካከለኛውን ውሰዱ። ቅድመ ሙከራውን አንድ ሰው፣ ድኅረ ሙከራውን ሌላ ሰው ከለካው ጥናቱ እዚያው አልቋል። የስብ መቶኛ ከማስላት ይልቅ የቦታዎቹን ድምር በሚሊ ሜትር ማቅረብ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ሰው፣ ዕጣና ፈቃድ

ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው የሚገኘው፤ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ከድኅረ ሙከራ በኋላ የሚገባ ማመልከቻ ዋጋ የለውም። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ የወላጅ ፊርማም የልጁ የራሱ እሺታም ያስፈልጋል። በስፖርት ክፍሎች በተለይ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ተሳታፊዎቹ የመምህሩ ተማሪዎች ወይም የአሠልጣኙ ተጫዋቾች ናቸው። «አልፈልግም» ማለት ውጤት ወይም የመሰለፍ ዕድል የሚያሳጣ የሚመስለው ልጅ ፈቀደ አይባልም። ስለዚህ ምልመላውን መምህሩ ሳይሆን ሌላ ሰው ያካሂድ፤ ማን እንደገባ ማን እንደቀረም ለአሠልጣኙ አይነገር። እስከ አቅም ጥግ በሚወስድ ፈተና ደግሞ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ በቤተሰብ ድንገተኛ የልብ ሞት የሚሉትን ጥያቄዎች ሳይሞላ ማንም አይሩጥ።

ወደ ምድብ ስንመጣ «ክፍል ሀ የሙከራ፣ ክፍል ለ የቁጥጥር» የሚለው አመዳደብ ተለምዷል። በዚህ ጊዜ የምታነጻጽሩት ልምምዱን ሳይሆን ሁለት ክፍሎችን ነው፤ መምህራቸው፣ የልምምድ ሰዓታቸው፣ ጓደኝነታቸው ሁሉ አብሮ ይለያያል። ቀላሉ መፍትሔ ሁሉንም በቅድመ ሙከራ ውጤት ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ሁለት ሁለቱን ማጣመድ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥንድ ዕጣ ማውጣት ነው። ዕጣውን አሠልጣኙ ሳይሆን ለጥናቱ እንግዳ የሆነ ሰው ያውጣው። የድኅረ ሙከራ ለኪም ማን ከየት ቡድን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። የቁጥጥር ቡድኑ ምን ሠራ የሚለው በዝርዝር ይጻፍ፤ «ምንም» የሚል መልስ ያለው ጥናት የሚያሳየው መንቀሳቀስ ከመቀመጥ እንደሚሻል ብቻ ነው።

በሳምንት 3 ቀን ለ6 ሳምንት 18 ክፍለ ጊዜ ነው። 80 በመቶ ያልተገኘ አይቆጠርም ካላችሁ ዝቅተኛው 15 ነው፤ ይህን ወሰን መጀመሪያ ጻፉት፤ ውጤቱን አይቶ ወሰን ማውጣት የሚፈለገውን ሰው አስቀርቶ የማይፈለገውን ማባረር ይሆናል። ያቋረጡትም ቁጥርና ምክንያታቸው ከፖስተሩ አይጥፋ። የሚያቋርጡት ብዙውን ጊዜ የተጎዱትና ያልተሻሻሉት ናቸውና።

ስንት ሰው ይበቃል? መካከለኛ የሚባል ልዩነት፣ ማለትም የመደበኛ ልይይቱን ግማሽ፣ በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ለትልቅ ልዩነት፣ ለ0.8፣ 26። በየቡድኑ 12 ሰው ይዞ የሚነሣ ጥናት በዚያ ዕድል የሚያገኘው 1.2 ያህል ግዙፍ ልዩነት ሲኖር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን አስተማማኝ መለኪያ ይክሳል። የቅድመ ሙከራው ውጤት ከድኅረ ሙከራው ጋር 0.8 ተዛምዶ ካለው፣ በትንተናው ውስጥ ቅድመ ሙከራውን ማስገባት የሚፈለገውን ሰው ብዛት ወደ ሲሶ ያወርደዋል። በስልክ ካሜራው ላይ የባከነ የሚመስለው ቀን የሚመለሰው እዚህ ነው።

በትንተና በኩል አንድ ስሕተት ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይደጋገማል። የሙከራ ቡድኑ ቅድመና ድኅረ ሲነጻጸር ፒ ቫልዩው (ለውጥ ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል፤ ከ0.05 ሲያንስ «ጉልህ» ይባላል) 0.03፣ የቁጥጥር ቡድኑ 0.08 ይወጣል፤ «ስለዚህ ልምምዱ ይሻላል» ይባላል። ይህ ንጽጽር አይደለም። ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርሳቸው አልተያዩም፤ አንዱ 2.1፣ ሌላው 1.8 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይሆናል። መነጻጸር ያለበት በሁለቱ ለውጦች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከነሴንቲ ሜትሩና ከነ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ። ሁለተኛው ወጥመድ ደካሞቹን ብቻ መርጦ ማሠልጠን ነው። በቅድመ ሙከራው ዕለት ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ሰው ከፊሉ በርግጥ ደካማ ነው፣ ከፊሉ ቀኑ የጠመመበት ነው፤ በሚቀጥለው ፈተና ያለ ምንም ልምምድ ከፍ ይላል።

ቀኑ ሲደርስ

አብስትራክት ብዙ ጊዜ 250 ቃል ነው። ከዚህ ውስጥ መግቢያው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። ስፖርት ለጤና ጠቃሚ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ የውጤቱን ቦታ ይበላል። «ጉልህ ልዩነት ታይቷል» ሳይሆን ስንት ሰው፣ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ ከስንት እስከ ስንት የሚል ይጻፍ።

ፖስተር ኤ0 ከሆነ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከማሳተማችሁ በፊት ሰሌዳው የቆመ ይሁን የተጋደመ ጠይቁ። ርዕሱ ከአራት ሜትር፣ ጽሑፉ ከአንድ ሜትር ተኩል መነበብ አለበት፤ የጽሑፉ ፊደል ከ24 ነጥብ አይነስ። የግዕዝ ፊደል በትንሹ ሲታተም «ሰ» እና «ስ» ይምታታሉ፤ ማተሚያ ቤት ፎንቱ ስለሌለው ጽሑፉ ወደ ባዶ ሳጥን የሚለወጥበትም ጊዜ አለ፤ ፋይሉን በፒዲኤፍ ፎንቱን አካታችሁ ስጡ። ከሠንጠረዥና ከአምዳዊ ግራፍ ይልቅ የእያንዳንዱን ሰው መስመር ከቅድመ ወደ ድኅረ የሚያሳይ ግራፍ ይሁን። አማካይ የሚደብቀውን እሱ ያወጣዋል፤ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ አንድ ሰው ብቻውን ነው ወይ አማካዩን የጎተተው የሚለው ሁሉ ይታያል።

ለአዘጋጆች ደግሞ ስለ ሰዓት። 10 ደቂቃ ንግግርና 5 ደቂቃ ጥያቄ ከተባለ 12 አቅራቢ ድፍን 3 ሰዓት ነው፤ ፋይል ሲፈለግ የሚባክነው ሳይቆጠር። ፋይሎቹ ከዋዜማው በአንድ ኮምፒውተር ይግቡ። ፖስተሮችን ቁጥር ስጧቸውና በመጀመሪያው ሰዓት ጎዶሎዎቹ፣ በሁለተኛው ሙሉዎቹ አቅራቢዎች ይቁሙ፤ ሁሉም አንዴ ከቆሙ አንዱ የሌላውን አያይም። ዳኞች የአሠራር ዘዴውን ለብቻው ነጥብ ይስጡት፤ ያለዚያ ሽልማቱ ለቀለሙ ይሄዳል።

በትሬድሚል ላይ የትንፋሽ ጋዝ መለኪያ ሠርቶ ማሳያ ማድረግ ሰው ይስባል፤ ብዙ ጊዜም እፊቱ ይበላሻል። መሣሪያው ቀድሞ ይሙቅ፤ የአየር መጠኑ በ3 ሊትር ሲሪንጅ፣ ጋዙ መጠኑ በታወቀ ሲሊንደር ይስተካከል። ማስተካከያው የክፍሉን አየር 20.93 በመቶ ኦክስጅን አድርጎ ይወስዳል፤ በተዘጋ አዳራሽ መቶ ሰው ሲተነፍስ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል። መስኮት ይከፈት ወይም ትሬድሚሉ ሌላ ክፍል ገብቶ ምስሉ ብቻ ወደ አዳራሹ ይምጣ። ሰውየው ቆሞ ሳለ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰውነቱ ለሚጠቀመው ኦክስጅን ሲካፈል ከ0.7 በታች ከሆነ ጭምብሉ ያፈሳል ወይም ማስተካከያው ተዛብቷል፤ እዚያው አቁሙት። ተፈታኙን ከታዳሚ መሃል እጅ አስወጥታችሁ አትምረጡ። ቀድሞ የጤና ጥያቄውን የሞላ፣ መሣሪያውን አንዴ የሞከረ፣ በቅርብ ያልበላ ሰው ይሁን፤ የልብ ማነቃቂያ መሣሪያ (ዲፊብሪሌተር) እና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰውም በዚያው ክፍል ይገኝ።

ፖስተሩ ከወረደ በኋላ የመመዝገቢያ ወረቀቶቹ ከቁጥር ኮድ ጋር በአንድ ሣጥን፣ የስም ዝርዝሩ በሌላ ተቆልፎ ይቀመጥ። ያገኛችሁትን የተለመደ ስሕተት፣ የለኪውን ኮድ፣ የተሳታፊዎቹን ብዛትና ዕድሜ፣ ቀኑን በአንድ ገጽ አትሙና በመሣሪያው ሣጥን ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥፉት። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ሣጥኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።